የሚያንኮራፋ ልጅ «ጥሩ እንቅልፍ» ላይ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ተማሪዎች እንቅልፍ ማጣት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ስልኩ፣ ቲክቶኩ፣ የማታ ፊልሙ ሁሉ ተዘርዝሯል። በዚያ አልከራከርም። ያናደደኝ መጨረሻው አካባቢ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ልጅ ካንኮራፋ «ድካም ጥሎት ጥሩ እንቅልፍ ወስዶታል ማለት ነው» ይላል። ማን ነው ይህን የነገራችሁ? የሐኪም ስም የለበትም።

የኔ ልጅ ሲያንኮራፋ ነው ያደገው። አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ፣ አፉን ከፍቶ ይተኛ ነበር። መሀል ላይ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። ከዚያ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ እንደወጣ ሰው አየር ይስባል። ትራሱ በላብ ይርሳል። ትምህርት ቤት ከገባም በኋላ ፍራሽ ያረጥብ ነበር። ጠዋት «ራሴን አመመኝ» ይላል፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይቅበጠበጣል። ትምህርት ቤቱ ጠርቶ ምን አለኝ? «ስልክ አትስጪው።» ቤታችን አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ያለችው ስልክ የኔዋ ናት፣ እሷም ኢንተርኔት የላትም። ብናገር ማን ይመነኝ! እናንተ ደግሞ ያንኑ ወቀሳ በጋዜጣ አተማችሁት። እንደኛ ያለ ቤተሰብ ዘገባችሁ ውስጥ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉሮሮ ግራና ቀኝ ቶንሲል አለ። ከአፍንጫ ጀርባ ደግሞ አዴኖይድ አለ፣ ሰፈር ውስጥ «የአፍንጫ ሥጋ» የሚባለው። በተለይ ከ2 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ እነዚህ አብጠው መተንፈሻውን ሊያጠቡ ይችላሉ። ልጁ ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ ይላላል፣ መንገዱም አንዳንዴ ጭራሽ ይዘጋል። አየር ሲያጥረው አንጎሉ ይቀሰቅሰዋል። ልጁ ግን መንቃቱን አያውቅም። ይህ ሌሊቱን ሙሉ ይደጋገማል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ለ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት ብላችኋል። ልክ ነው። ታዲያ ለ10 ሰዓት ያህል አልጋ ላይ ያደረው ልጅ ስንቱን ተኛ? አዋቂ እንቅልፍ ሲያጣ ቀን ያንቀላፋል። ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይነጫነጫል፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል። ከዚያ «ረባሽ» ይባላል።

ጉንፋን ይዞት ያንኮራፋ ልጅ ጉንፋኑ ሲለቀው ይተወዋል። ጉንፋን ሳይኖር በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ የሚያንኮራፋ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ፣ ልጅ ለምርመራ በመጣ ቁጥር ያንኮራፋ እንደሆነ ይጠየቅ ብሏል። አለርጂ ከሆነ የአፍንጫ መድኃኒት አለው። ቶንሲልና አዴኖይድ ከሆነ ቀዶ ሕክምና አለው። የኔ ልጅ ከረጅም ወረፋ በኋላ ተሠርቶለት ዛሬ አፉን ገጥሞ ይተኛል።

ዝም ያላልኩት ስለ ሌሎቹ እናቶች ነው። እኔን ጎረቤት ሁሉ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ አስቆርጪው» ሲሉኝ ነበር። ቶንሲል በጥፍር የሚቧጥጡም አሉ። ልጅ በዚህ ደም ፈሶት፣ ቁስሉ አመርቅዞበት ይሞታል። ጋዜጣ «ማንኮራፋት ደህና ነው» ካለ፣ ሐኪም ቤት ልትሄድ የተነሳችዋ እናት ትቀራለች። ሲብስበት የምትወስደው ወደ ቆራጯ ነው።

ዓረፍተ ነገሩን አርሙ። እርማቱም ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው መጠን ፊደል ይውጣ። ቀጥሎ ከአንገት በላይ ሐኪም አነጋግሩ። በመንግሥት ሆስፒታል ለልጆች የቶንሲል ቀዶ ሕክምና ወረፋው ስንት ወር እንደሚፈጅም ጠይቃችሁ ጻፉልን።

አንዲት እናት
ከአዲስ አበባ