ሎሚያችን አምድ ይሰጠው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አራዳ ቋንቋ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ በፍራፍሬ ስም እያሽሟጠጡ መጫወት ትናንት ከከተማ የመጣ አስመስላችሁታል። ጎጃሜ ነኝና ይህ አልተዋጠልኝም።

እኛ ዘንድ ሎሚ ስንት ትርጉም እንዳለው ብታዩ! ቆንጆዋ «ተረከዘ ሎሚ» ናት። ጥር 11 ለጥምቀት ጎረምሳው የወደዳት ልጅ ላይ ሎሚ ይወረውራል። ሎሚው ደረቷን መትቶ አቧራው ላይ ይንከባለላል። ጓደኞቿ ይሳሳቃሉ። ጎንበስ ብላ ካነሳችው ነገሩ ሰመረ ማለት ነው። ዝም ብላ ካለፈች ግን አለቀለት፤ እኩዮቹ «ሎሚህ ጎመዘዘ» እያሉ እስኪመሽ ያደርቁታል።

ሰሙ ፍሬው ነው፤ ወርቁ ፍቅር፣ አንዳንዴም ጡት። ዋሸራንና ዲማ ጊዮርጊስን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ሰው ነገሩን ሸፈን አድርጎ ቢናገር ምን ይገርማል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን እንኳ ሁሉም ያውቀዋል።

እባካችሁ ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬና ከዳንግላ ገበያ እንዲህ ያለውን ጨዋታ የምትሰበስቡበት አንድ አምድ ክፈቱ። ከአዛውንቶቹ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል፤ ብዙውን የያዙት እነሱ ናቸው።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከደብረ ማርቆስ