አባባ፣ ስንተኛ እንደወጣሁ ልንገርዎ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የሰጠሁት መድኃኒቱን ለሚያመጣልዎ ሰው ነው። በስልክ ስንነጋገር ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ባይቆራረጥም እርስዎ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ» ብለው ይዘጉታል። የተጻፈ ነገር ግን ጀምረው ሳይጨርሱ እንደማያስቀምጡ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ አራተኛ ክፍል ገባ። ባለፈው በስልክ «ስንተኛ ወጣህ?» ሲሉት ዝም ያለው ንቆዎት አይደለም፤ የሚመልሰው ስላጣ ነው። እዚህ ውጤት እንጂ ደረጃ አይሰጣቸውም። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው፤ በእርስዎ ወጥቷል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ጣሪያ ላይ እንደሚወረወር ነገርኳት። የምንኖረው አምስተኛ ፎቅ ነው፣ ጣሪያው አይደረስበትም፤ «ጎንደር ስንሄድ በአያቴ ጣሪያ ላይ እጥለዋለሁ» ብላ በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። አማርኛዋ እየተሻሻለ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ አስተማሪ ጋ እወስዳታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን አልወሰድኳትም። በመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18፣ በርሊን ላይ ውድድር ነበረኝ። ሩጫ አይደለም፣ በሮለር ነው። እርስዎ «ባለጎማው ጫማ» ይሉት በነበረው።

ከተማውን ያውቁታል። ኃይሌ 2:03:59 የገባበት ነው። ያም ቀን መስከረም 18 ነበር፣ በ2001 ዓ.ም.። ሰኞ ክፍል ገብተው ሰዓቱን በጠመኔ ጽፈው፣ ተማሪዎችዎን ፍጥነቱን እንዳሰሏቸው እታለም አጫውታኛለች። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከ400 ሜትር ገደማ ይመጣል። እኛም የሄድነው ያንኑ 42.195 ኪሎ ሜትር ነው። በሮለር የሚወዳደሩት ቅዳሜ፣ ሯጮቹ እሑድ ይወጣሉ። በሮለር ፈጣኖቹ ወንዶች አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሱታል። ፍጥነቱን እርስዎ ያስሉት። እሑድ ደግሞ ሚልኬሳ መንገሻ በ2:03:17፣ ትዕግስት ከተማ በ2:16:42 ሁለቱም አንደኛ ወጡ። እርስዎም በቴሌቪዥን ሳያዩ አልቀሩም።

ጫማው እኔ ልጅ ሆኜ እንደነበረኝ አይደለም። ከቁርጭምጭሚት በታች የሚቀር፣ በካርቦን የተሠራ ጠንካራ ጫማ ነው። ከሥሩ ሦስት ጎማ በአንድ መስመር ተደርድሯል፤ የእያንዳንዱ ዲያሜትር 125 ሚሊ ሜትር ነው። ፍሬን የለውም። ወገብን ሰብሮ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ አንድ እጅን ጀርባ ላይ አድርጎ ነው የሚኬደው። የራስ ቁር ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ለጭንቅላቴ አይስጉ።

በአንድ ክለብ የምንወዳደር አምስት ሴቶች ነን። የቡድኑ መሪ የሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ቢያዩዋት ይወዷታል። አንዷ ፖላንዳዊት ናት፣ መጨረሻ ላይ የምትፈተለከው እሷ ናት። በዚህ ውድድር ከባዱ ነገር ነፋስ ነው። ከፊት ያለችው ነፋሱን ትሰብራለች፤ ከኋላ የሚከተሏት ጉልበታቸውን ይቆጥባሉ። ስለዚህ እየተፈራረቅን ነው የምንመራው። አራታችን የምንደክመው ፖላንዳዊቷ መጨረሻው ላይ ትኩስ ሆና እንድትደርስ ነው።

ከግማሽ በላይ ከሄድን በኋላ አንድ መታጠፊያ ላይ የሌላ ቡድን ልጅ ጎማ የፖላንዳዊቷን ጎማ ነካው። አልወደቀችም፤ በእጇ አስፋልቱን ተደግፋ ተረፈች። ግን ቆመች። የፊተኞቹ ጥለዋት ሄዱ። መሪያችን ዞር ብላ አየቻት፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ፣ በእጇ ወደ ኋላ አመለከተችኝ። ገባኝ። ካጎነበስኩበት ቀና አልኩና ነፋሱ ደረቴን ሲመታው ፍጥነቴ ወረደ። ስትደርስብኝ ከፊቷ ገባሁ። መዳፏን ወገቤ ላይ አሳረፈች። ጓንቷ በላብ ርሷል። ስፈጥን መዳፏ ይላቀቃል፣ ስቀዘቅዝ ይጫነኛል። ዞሬ ሳላይ በዚያ መዳፍ ብቻ መጠኑን እየለካሁ ጎተትኳት። ከቡድኑ ጋር ሳገናኛት እግሬ አለቀ። እነሱ ሄዱ። እኔ ከተለያየ ቡድን ከቀሩ ሴቶች ጋር ተያይዤ ጨረስኩ።

ፖላንዳዊቷ ከአምስታችን አንደኛ ሆና ገባች። ስገባ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። መሪያችን «ያንቺ ነው» አለችኝ።

እርስዎ ግን የሚጠይቁኝን አውቃለሁ። ከአምስታችን አራተኛ ነኝ።

አራተኛ። አባባ፣ ይህን ቁጥር ለእርስዎ ስጽፍ እጄ ከበደኝ። ሰባተኛ ክፍል፣ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከአንደኝነት ወርጄ አላውቅም ነበር። ዓመቱ ሲጀምር አክስቴ ከካርቱም ሮለሩን ላከችልኝ። መስቀል አደባባይ ወስጄ ከሰፈር ልጆች ጋር ስነዳ እውል ነበር። እውነት ነው፣ አራተኛ ወጣሁ። ካርዱን ሁለት ጊዜ አገላብጠው አዩት። አልቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጫማውን ከአልጋ ሥር አወጡት፣ በጋዜጣ ጠቀለሉት፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተው ቆለፉበት። «አንደኛ ስትወጪ ይከፈታል» አሉኝ።

በሁለተኛው መንፈቅ አንደኛ ወጣሁ። ሳጥኑ ተከፈተ። ጫማው የለም።

«እግርሽ አድጓል፣ አይሆንሽም» ብቻ ነው ያሉኝ። የት እንደገባ ማንም አልነገረኝም። እማዬም፣ ነፍሷን ይማር፣ ስጠይቃት ቡና ልታፈላ ትነሳ ነበር። ወንድምጋሼ በዚያው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ወጥቶ ብስክሌቱን የነካበት የለም። ይህን የምጽፈው ወንድሜን ለመክሰስ አይደለም። እርስዎ ተማሪ «ግማሽ ማርክ ቀርቶብኛል» ሲልዎት የፈተና ወረቀቱን ማታ በኩራዝ እንደገና የሚያርሙ ሰው ነዎት። ቃልዎን ሲያጥፉ ያየሁት በዚያ ሳጥን ብቻ ነው፤ የታጠፈውም በእኔ ላይ ነው። ይኸው ልጆች ወልጄም አልወጣልኝም።

ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እዚህ ያደረሰኝ ያ ትምህርት ነው፣ አመሰግንዎታለሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው።

አሁን ስለ እግርዎ። መጀመሪያም ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት ስለ እሱ ልጽፍ ነው።

እታለም ሁሉንም ነግራኛለች፤ እንዳይቆጧት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ለኪዳን ሄደው፣ ጫማዎን አውልቀው፣ ድንጋይ እንደቆረጠዎት፣ ቤት ገብተው ካልሲዎ ላይ ደም እስኪያዩ ድረስ እንዳላወቁት ነግራኛለች። «አያመኝም፣ ቀላል ነው» ይላሉ አሉ። አባባ፣ እኔን የሚያስፈራኝ አለማመሙ ነው። ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፣ የደም ዝውውሩንም ያዳክማል። ቁስሉ የማያመው ቀላል ሆኖ ላይሆን ይችላል። አዲሱ ጫማዬ ተረከዜን ሲልጠው ወዲያው አቃጥሎኝ ቆምኩ፣ ፕላስተር ለጠፍኩበት፣ በሳምንቱ ዳነ። የእርስዎ እግር ግን ቁም ብሎ አይነግርዎትም። ስለዚህ በየማታው መታየት አለበት። ጎንበስ ማለት ካቃተዎት መስታወት መሬት ላይ አድርገው ውስጥ እግርዎን ይዩት፤ ወይም የእታለም ልጅ ትይልዎት። ሲታጠቡ ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቀቱን በእጅዎ እንጂ በእግርዎ አይለኩት። በጣቶችዎ መሐል በደንብ ያድርቁት።

ጸበሉን ይተዉ አልልም። ከመድኃኒቱ ጋር ይሁን ነው የምለው። መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን መስኮት ላይ አይተዉት፤ በእርጥብ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ውኃ እንዳይነካው አድርጋ ጥላ ቦታ እንድታስቀምጥልዎ ለእታለም ነግሬያታለሁ። ደግሞ የጽጌን ጾም መስከረም 26 እንደሚጀምሩ ሰምቻለሁ። እባክዎ የንስሐ አባትዎንም ሐኪሙንም ሳያነጋግሩ አይጀምሩ። ምግብ ሳይቀምሱ መርፌውን መውጋት አደገኛ ነው።

ሐኪሙ ለእታለም ሌላም ነገር ነግሯታል። እርስዎ ክፍሉ ውስጥ አልነበሩም፤ እሷም ልትነግርዎ አልደፈረችም። ቁስሉ ወደ አጥንት ከዘለቀ ጣቱን፣ ከዘገየም ከዚያ በላይ መቁረጥ ሊመጣ ይችላል ብሏታል። አሁን ከታከመ ግን ሊድን ይችላል ብሏል። ይህን ሁለተኛውን ቃል ደግመው ያንብቡልኝ። ሰው ፊት መታየት እንደማይወዱ አውቃለሁ። ዘንግ ይዘው በፒያሳ ማለፍ እንኳ ያሳፍርዎታል። እኔ ግን ዘንግ ይዘው ሲሄዱ ላይዎት እፈልጋለሁ።

ሰኞ ጠዋት እታለም ባጃጅ ይዛ ትመጣለች። «ዛሬ አይመቸኝም» አይበሏት። የሕክምና ካርድዎን ከመጻሕፍቱ መሐል አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት።

ከመድኃኒቱ ጋር ወፍራም ነጭ ካልሲዎች አሉ። ለቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ጫማ ሲያወልቁ እነሱን አያውልቁ። ነጭ ያደረግኳቸው ደም ቢኖር ቶሎ እንዲታይ ነው። ጫማም ላሠራልዎ አስቤያለሁ፣ ሰፋ ያለ፣ ውስጡ ስፌት የሌለው። እታለም ሁለቱንም እግርዎን ወረቀት ላይ አቁማ በእርሳስ ዙሪያውን ትሳልልኝ። ማታ ላይ ይሁን፣ እግር ቀን ውሎ ያብጣል።

የዚያን የእኔን ጫማ ነገር ደግሞ በዚያው ወረቀት ጀርባ ይጻፉልኝ። ለማን እንደሰጡት። ሸጠውትም ከሆነ ይንገሩኝ፤ የዚያን ዓመት ደመወዝ እንዴት እንደነበረ አሁን እናት ሆኜ ይገባኛል። አልቆጣም አልልዎትም። ግን ከእርስዎ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

ልጆቹ ጉልበትዎን ይስማሉ።

ልጅዎ