ኬሚስትሪውን ከመተውሽ በፊት

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ፒያሳ ታክሲ እየጠበቅን ያልሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። "እማዬ፣ እምነቴን የምር ከያዝኩ ትምህርቱን ትቼ ገዳም ብገባ ይሻለኛል" አልሽ። የዶርም ጓደኞችሽ ደግሞ ካቶሊክ ሳይንቲስት ሲባል ያው ካህን ወይ መነኩሴ ነው ይሉሻል። የዘር ውርስን ሕግ ያገኘውን መነኩሴ ሜንዴልን ይጠራሉ፣ የቢግ ባንግን ሐሳብ ያመነጨውን ካህን ሌሜትርን ይጠራሉ። ታክሲው መጣና ሳልመልስልሽ ሄድሽ። አሁን ልመልስልሽ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ አልከራከርም። ግን እንደኔና እንዳንቺ ተራ ምእመን ሆነው የሠሩትን ማን ያስታውሳቸው?

ላኔክ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር። በ1816 ፓሪስ፣ ኔከር ሆስፒታል ውስጥ፣ አንዲት የልብ ሕመምተኛ ወጣት ሴት ትመጣበታለች። ያኔ ሐኪም ደረት የሚያዳምጠው ጆሮውን ለጥፎ ነው። እሷ ላይ እንዲያ ማድረጉን አልወደደውም። ወረቀት ጠቀለለና አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረገ። የልቧ ምት ከወትሮው ይልቅ ጥርት ብሎ ተሰማው። ከዚያ በኋላ በገዛ እጁ እንጨት እየቦረቦረ ማዳመጫ ሠራ። የሰማውን ድምፅ ሁሉ ከሕመሙ ጋር እያመሳከረ በ1819 መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ ሐኪሙ ሁሉ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ስቴቶስኮፕ የመጣው ከዚያ ነው። ላኔክ ጸሎተኛ ካቶሊክ ነበር፣ ትዳርም ይዟል። በ45 ዓመቱ የሞተው በሳንባ ነቀርሳ ነው። በሰው ደረት ውስጥ ሲያዳምጠው የኖረው በሽታ ራሱን ወሰደው። ይህን ሳስብ ሁሌም ያመኛል።

እዚህ ከተማ ውሻ የነከሰው ልጅ ሲኖር "ፓስተር ውሰዱት" ይባላል። ጉለሌ ያለው ተቋም ስሙ ተቀይሯል፣ ሰው ግን እስካሁን ፓስተር ነው የሚለው። ሉዊ ፓስተር ሐኪም አልነበረም። እንዳንቺ የኬሚስትሪ ሰው ነው! በጁላይ 1885 እብድ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ፣ ጆሴፍ ማይስተርን፣ በክትባቱ አተረፈው። መርፌውን የወጋው ሐኪም ነው፣ ክትባቱ ግን የሱ ነው። ይህን ሲያደርግ ከአምስት ልጆቹ ሦስቱን ቀብሮ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ምን ያህል ያዘወትር እንደነበር ሰዎች ይከራከራሉ፣ ስለዚህ አላጋንንልሽም። የቀብሩ ጸሎት ግን የተደረገው ኖትርዳም ካቴድራል ነው።

ጋሊሊዮን ካነሱብሽ አትሽሺ። ምድር ፀሐይን ትዞራለች በማለቱ በ1633 የፈረዱበት የኛው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፣ ጥፋትም ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1992 ስሕተቱን በይፋ አምነዋል። የተፈረደበት ሰውዬ ግን እስኪሞት ድረስ ካቶሊክ እንደነበረም ጨምሪላቸው።

ኤሌክትሪክ ላይ ቮልትና አምፔር እያልሽ በየቀኑ መለኪያ አድርገሽ የምትጠሪያቸው ሳይንቲስቶቹ ቮልታና አምፔርም ምእመናን ናቸው። አምፔር ኦዛናም የሚባለውን ተማሪ ፓሪስ ቤቱ አስጠግቶት ነበር። ያ ልጅ ነው በኋላ፣ በ1833፣ ከጓደኞቹ ጋር ድሆችን የሚረዳውን የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር የመሠረተው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ማሪያ አኜሲ በ1718 ሚላኖ ተወለደች። እንዳንቺ ገዳም መግባት ፈልጋ ነበር፣ አባቷ እምቢ አላት። በ1748 ከአልጀብራ እስከ ካልኩለስ የሚያስተምር ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመች። ሊቃውንቱ የሚጽፉበትን ላቲን ትታ የአገሯ ወጣቶች እንዲገባቸው በጣሊያንኛ ጻፈችው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 14ኛ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ወንበር ሰጧት፣ እሷ ግን ሄዳ አላስተማረችም። አባቷ በ1752 ሲሞት ቀሪ ዕድሜዋን ለድሆችና ለታመሙ ሴቶች ሰጠች። እስከ መጨረሻው አልመነኮሰችም።

ብዙዎች "ለእግዚአብሔር ስትል ሒሳብ ተወች" ብለው ይደመድሙታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ለታመመችው ሴት የሰጠችው ጊዜና ለተማሪው ብላ የደከመችበት ገጽ ለኔ አንድ አገልግሎት ናቸው። ሁለቱንም የሠራቻቸው ያችው አማኝ ሴት ናት።

ልጄ፣ ጥሪሽ በእውነት ምንኩስና ከሆነ እኔም አባትሽም መርቀን እንሸኝሻለን። ኬሚስትሪውን የምትተዪው ግን እምነትሽ ያነሰ ቦታ የሚሰጠው መስሎሽ ከሆነ አልስማማም። ለማንኛውም ምዝገባው ሳያልፍብሽ የዚህን ሴሚስተር ተመዝገቢ። ሌላውን ከአባ ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን።

የምትወድሽ እናትሽ