ኔት ስትዘጉ ንገሩን

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥ በይፋ እንዲነገረን ስለመጠየቅ

ባሕር ዳር ነው የምኖረው። እህቴ ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። አርብ አርብ ማታ በኢሞ ትደውላለች፤ እማዬም ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የሞባይል ዳታ ጠፋ። ደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ልጅቷ በትህትና «ቴክኒካል ችግር ነው» አለችኝ። በማግሥቱም ያው። እሷ ላይ አልፈርድም፤ የተነገራትን ነው የነገረችኝ።

በኋላ ዋይፋይ ያለበት ሆቴል እየፈለግሁ በአንድ ማኪያቶ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ለመድኩ። (አስተናጋጆቹን እግዜር ይስጣቸው፣ አይተው እንዳላዩ ያልፉን ነበር።) እማዬ ግን ጉልበቷ አይችልም። ለወራት የልጇን ፊት ያየችው እኔ ቀርጬ በማመጣላት ቪዲዮ ነው።

ይህ የእኛ ከተማ ጣጣ ብቻ አይደለም። በሰኔ 2011 በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ተዘጋ። በሰኔ 2012 ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ አገር ምድሩ ሦስት ሳምንት ገደማ ያለ ኢንተርኔት ቆየ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል። በየካቲት 2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩትዩብና ቲክቶክ ታግደው አምስት ወር ገደማ እገዳውን በሚያሻግረን መተግበሪያ፣ በቪፒኤን፣ ኖርን።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሐምሌ 2011 ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም ብለው ነበር። እሺ፣ አይደለም። ግን ነዳጅ በስልክ ክፈሉ የተባልነው ከዚያ ወዲህ ነው፣ በ2015።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 በመረጥነው ማሰራጫ መረጃ የመፈለግና የመቀበል መብት ሰጥቶናል። መብቱ የሚገደበውም በሕግ ብቻ ነው። እናንተን ያቋቋመው አዋጅ 1148/2011 ደግሞ የተጠቃሚን ጥቅም መጠበቅ ሥራችሁ ያደርገዋል። ታዲያ ሲዘጋ የትኛው ሕግ እንደተጠቀሰ አንድ ወረቀት አይተን አናውቅም። መብራት ኃይል እንኳ ለጥገና ሲያጠፋ ሰፈሩን በስም ጠርቶ ያስነግራል።

የጥላቻ ንግግር ሰው እያስገደለ ዝም ይባል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎቹም ንጹሕ አይደሉም። እዚሁ ባሕር ዳር በ2014 አንድ ፕሮፌሰር ስማቸውና ፎቷቸው በፌስቡክ ከተሰራጨ በኋላ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ደጋግሜ አመልክቻለሁ ይላል። በታኅሣሥ 2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። ናይሮቢ የሆነው የእኛን ቋንቋ ጽሑፍ የሚያጣሩት ሠራተኞች እዚያ ስለነበሩ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚያነብ በቂ ሰው ቅጠር ብሎ ሜታን ማስጨነቅ ትችላላችሁ። የእማዬን ኢሞ መዝጋት ግን ሜታን አይቀጣውም።

አትዝጉ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እላለሁም። እስከዚያው ግን የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠ በዚያው ቀን ማን እንዳዘዘ፣ በየትኛው አንቀጽ፣ የት የት፣ እስከ መቼ እንደሆነ በሬዲዮ ይነገረን። እንደተከፈተም ያለፉትን መዝጊያዎች ትእዛዝ ድረ ገጻችሁ ላይ አውጡት።

መልሳችሁን በኤስኤምኤስ ላኩልኝ፤ ዳታ አይፈልግም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ