ዳቦ ቆሎውን እማዬ ትቅመሰው

ታኅሣሥ 22፣ ኤድመንተን

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን አላረዝምም። ይህን ለእማዬ ጮክ ብለሽ እንደምታነቢላት አውቃለሁ። ስለዚህ እሷ መስማት የሌለባትን ቦታ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ እዚያ ስትደርሺ ዝም ብለሽ እለፊው።

እማዬ የገብርኤል ዕለት ቤተክርስቲያን ውስጥ እንደወደቀች የሰማሁት ከእናንተ አይደለም። እሁድ ከቅዳሴ ወጥተን ቆመን ሳለ አንዲት የሐዋሳ ልጅ መጥታ «እናትህን እግዜር ይማርልህ፣ አሁን ተሻላቸው?» አለችኝ። የማውቅ መስሏት ነው። ፊቴን ስታይ ደነገጠች። ስልኬን ይዤ ጓንት ሳላደርግ ወደ ውጭ ወጣሁ። አንቺ ደግሞ «ትንሽ አዙሯት ነው፣ አታካብደው» አልሽኝ። ስኳር እንዳለባት ግን ከመስከረም ጀምሮ ታውቁ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ! እማዬ እንዴት ናት ባልኩ ቁጥር «ደህና ናት፣ ሰላም ትልሃለች» ስትሉኝ ከረማችሁ።

እኔ እኮ የበኩር ልጅ ነኝ። አባዬ ካረፈ ወዲህ የዚያ ቤት ነገር መጀመሪያ የኔ ጆሮ ነበር መድረስ ያለበት። ሩቅ ስላለሁ እንግዳ ሆንኩ? «ምን ያደርጋል ብለን ነው፣ ከማስጨነቅ በቀር» አልሽኝ። ልክ ነሽ፣ ምንም አላደርግም ነበር። ቢሆንም መጨነቅ የኔም ድርሻ ነው። አልተቆጣሁም ልልሽ ነበር። ተቆጥቻለሁ።

(ከዚህ ጀምሮ አታንብቢላት።)

ኅዳር ላይ ብር ያልላክሁት ረስቼ አይደለም። ማታ ከሥራ ስወጣ በረዶው አንሸራቶኝ ወደቅሁ፣ የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። አምስት ሳምንት በጀሶ ቆየሁ። የምሠራበት መጋዘን ደግሞ ዕቃ ማንሳት ነው፣ በአንድ እጅ አይሆንም። የቤት ኪራዩን የከፈልኩት ከቤተክርስቲያን ወንድሞች ተበድሬ ነው። በቪዲዮ አልደውል ያልኩትም እጄን እንዳታዩት ብዬ ነው። አሁን ጀሶው ተፈቷል፣ ሥራም ገብቻለሁ፣ ብርድ ሲበረታ ትንሽ ይጠዘጥዘኛል እንጂ ሌላ ነገር የለም። እንግዲህ እኔም ደብቄያችኋለሁ። ቁጣዬን ይዤ የት እንደምሄድ አላውቅም።

ትናንት የላክሁት የሁለቱን ወር አንድ ላይ ነው። ከሱ ላይ በመጀመሪያ የእማዬ ስኳር መለኪያና መድኃኒቷ ይገዛ። ከዚያ የተረፈው ለሠርግሽ ነው። አደራ፣ ቅደም ተከተሉን እንዳትለውጪው።

(እስከዚህ። አሁን አንብቢላት።)

እማዬ፣ «ልጄ አሁንም ይጸልያል?» ብለሽ እህቴን እንደጠየቅሻት ነግራኛለች። ነገሩ ሆዴን ባር ባር አለው። ለምን ጠየቅሽ ማለቴ አይደለም። በስልክ ሁልጊዜ ስለ ሥራና ስለ ብር ብቻ ስለማወራሽ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ልንገርሽ።

ጠዋት ከአልጋዬ ስወርድ ከማንም ጋር ሳልነጋገር ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞራለሁ። ምሥራቁ በማቀዝቀዣው በኩል ነው። የሰጠሽኝ የገብርኤል ሥዕል እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። አማትቤ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፣ አንቺን ከነስመ ክርስትናሽ እጠራለሁ፣ አባዬን አስባለሁ፣ ከዚያ ሥራ እሄዳለሁ። ታኅሣሥ ላይ እዚህ ፀሐይ የምትወጣው ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ አካባቢ ነው፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ትጠልቃለች። በጨለማ ወጥቼ በጨለማ እገባለሁ። ዕጣን አላጨስም። አንድ ቀን ባጨስ የሕንፃው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ፣ ጎረቤት ሁሉ ልጅ ታቅፎ ብርድ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቋጥረሽ የላክሽልኝን ዕጣን ብልቃጥ ውስጥ ከሥዕሉ ሥር አስቀምጫለሁ። ክዳኑን እከፍትና አሸትተዋለሁ። ያንቺ ጓዳ ይመጣልኛል። ከዚያ ጸሎቴን እጀምራለሁ።

ጾሙንም ይዣለሁ። ከኅዳር 15 ጀምሮ አንድ ቀን አላፈረስኩም። የዛሬ ሳምንት ገና ነው፣ ሰባት ቀን ቀረኝ።

አሁን ደግሞ አንድ የሚጣፍጥ ነገር ላውራሽ። ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት አሉ፣ ኬቤክ ከሚባለው የካናዳ ክፍል የመጡ፣ ካቶሊክ ናቸው። እኔ በሆዴ እማማ ነው የምላቸው። ከልደት በፊት ባሉት አራት እሁዶች በየሳምንቱ አንድ አንድ ሻማ እየጨመሩ ያበራሉ። የእነሱ ልደት ታኅሣሥ 16 ነበርና ያን ዕለት በሬን አንኳኩተው ጠሩኝ። ጾም ላይ ነኝ አልኳቸው። ሥጋም ወተትም ቅቤም አልቀምስም ስላቸው ትንሽ አሰቡና «የምትበላው አለኝ» አሉኝ።

ሜፕል የሚባል ዛፍ አላቸው፣ ባንዲራቸው ላይ ያለው ቀይ ቅጠል የሱ ነው። ብርዱ ሊለቅ ሲል ግንዱን በስተው ፈሳሹን ያጠራቅማሉ፣ ከዚያ ያፈሉታል። 40 ሊትሩ ሲፈላ ውሎ የሚተርፈው 1 ሊትር ሽሮፕ ነው። እማማ ያንን ሽሮፕ በትንሽ ድስት እንደገና አፈሉት። ወፈር ሲል በረንዳው ላይ በትሪ ጠቅጥቀው ባስቀመጡት ንጹሕ በረዶ ላይ በቀጭኑ አፈሰሱት። ወዲያው ጠንከር አለ፣ እንደ ማር ሰም ሆነ። በእንጨት ጠቅልለው ሰጡኝ። አፌ ውስጥ ትኩስም ቀዝቃዛም በአንዴ ገባ። ከዛፍና ከበረዶ በቀር ምንም የሌለበት ነገር ነው እማዬ፣ ፍጹም የጾም! ከዚያ ዳቦ ሊቆርሱ ሲሉ በቢላዋው ጫፍ ዳቦው ላይ መስቀል አደረጉ። «እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር» አሉኝ። «የኔም» አልኳቸው። ብዙም አላወራንም። ግን ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ወዲያው መተኛት አልቻልኩም።

ክረምት ሲሉ እዚህ ታኅሣሥና ጥር ነው፤ እኔ ግን ክረምት ሲባል አሁንም ፍልሰታ ነው የሚመጣብኝ። ዝናቡ በታቦር ተራራ በኩል ጥቁር ብሎ ሲመጣ፣ ባጃጆቹ ጎርፍ እየረጩ ሲያልፉ፣ አንቺ ምጣዱን ትጥጂና እኔና እህቴ ሊጡን በመቀስ እንቆርጥልሽ ነበር። እሷ ሁልጊዜ ትልልቅ አድርጋ ትቆርጥ ነበር። አቡነ ዘበሰማያትን በቃሌ የያዝኩት የኔታ ዘንድ መስሎሽ ከሆነ አይደለም፣ እዚያ ምጣድ ዳር ነው። አንድ መስመር ትያለሽ፣ እንከተልሻለን፣ ዳቦ ቆሎውን ታማስያለሽ። እስክንጨርስ መቅመስ የለም። ቆርበን ከገብርኤል ስንመለስ ደግሞ በነጠላሽ ጫፍ የቋጠርሽውን ፈትተሽ እፍኝ እፍኝ ትሰጭን ነበር። መንገድ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ሽታ እየጠራን እንኳ የምንፈልገው ያንቺን ነበር።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ራሴ ሠራሁት። ዱቄት፣ በርበሬ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዘይት። ልኩን አላውቅም፣ አንቺ በመዳፍሽ ስትለኪ ነው ያየሁት፣ እኔም በመዳፌ ለካሁ። ሊጡን ጠንከር አድርጌ እንደ ገመድ አድበለበልኩት፣ በመቀስ ቆረጥኩት፣ መጥበሻ ላይ ቀስ ብዬ አመስኩት። ውጪው ከዜሮ በታች 24 ነበር። መስኮቱ በላብ ተሸፈነ። እያመስኩ ጸሎቴን አደረስኩ፣ ልክ እንደዚያው መስመር በመስመር። ለእማማም በሳህን ወሰድኩላቸው። በርበሬው አስለቀሳቸው፣ ግን ጨረሱት።

እህቴ፣ አሁን ወዳንቺ ልመለስ። እማዬ ትስማው፣ አልደብቃትም። አብራን የምታስቀድስ ነርስ አለች፣ ስለ ውድቀቷ ጠየቅኳት። መድኃኒቱን ውጣ ሳትበላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለቆየች ስኳሯ ወርዶ ይሆናል አለችኝ። ላብ ካሰመጣት፣ እጇ ከተንቀጠቀጠ፣ ከተደናበረች፣ ቶሎ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ወይ ጭማቂ ትጠጣ። ሐኪሟንም ስለ ጾሙ በግልጽ ጠይቁ፣ መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳትቀንሱ። ደግሞ የንስሐ አባታችንን ቤት ድረስ ጥሩልኝ። እማዬ የሐኪም ቃል ባትሰማ የእሳቸውን ትሰማለች። ታማ ሳለ በጊዜ ብትበላ እግዚአብሔር እንደማይቀየማት እሳቸው ይንገሯት። ቤተክርስቲያን ስትሄድ ደግሞ ከረሜላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥሪላት። እማዬ፣ አንቺ ለኛ ስትቋጥሪልን ኖረሻል፣ አሁን ለራስሽ ያዢ።

የሠርግሽ ነገር። ከጥምቀት በኋላ መሆኑን፣ በተክሊል መሆኑን ሰማሁ፣ ደስታዬን እንዴት ብዬ እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ሽማግሌ የመጣ ቀን እዚህ ሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ተነስቼ ልብሴን ለብሼ ቁጭ አልኩ፣ ፎቶ እስክትልኩ። አጎታችን በአባዬ ቦታ ተቀምጦ አየሁ። ያ ወንበር የኔ ነበር። ወረቀቴ ባለመጠናቀቁ ነው እንጂ ብር አልበቃኝ ብሎ አይደለም የቀረሁት። ይህን ለሚጠይቁሽ ሁሉ ንገሪልኝ፣ «ወንድምሽ ረሳሽ» የሚል እንዳይኖር። ልጁን በስልክ ሁለት ጊዜ አናግሬዋለሁ፣ እርጋታው ደስ ብሎኛል። እማዬን «እናቴ» ብሎ ሲጠራት ሰምቼው ልቤ አርፏል። ከቤት ስትወጪ የእማዬን ጉልበት ሁለት ጊዜ ሳሚ፣ አንዱን ስለኔ።

ሐሙስ አንድ የቤተክርስቲያናችን አባት ወደ አገር ቤት ይመጣሉ። ሐዋሳ ስለሚደርሱ ሁለት ጣሳ ይዘውልሻል። ትንሹ የሜፕል ሽሮፕ ነው፣ ያንቺና የሙሽራው ነው፣ ከእማዬ አርቂው። ትልቁ ዳቦ ቆሎው ነው። ስንዴ ነውና እፍኝ ሙሉ እንዳትበላ፣ ጥቂት ፍሬ ብቻ፣ ያውም ከምሳዋ ጋር። ጨው ጎድሎት እንደሁ፣ በርበሬው በዝቶ እንደሁ፣ እሳቱ አልገባው እንደሁ ማወቅ እፈልጋለሁ። እሷን ብትጠይቂያት «ጎበዝ ልጄ» ብቻ ነው የምትለው። ስትቀምሰው ፊቷን እያየሽ አንቺ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ