ስለ እሁዱ ረጅም ሩጫ

ሰላም ቤተሰብ፣

ለሀዋሳው ግማሽ ማራቶን ስንት ኪሎ ሜትር ድረስ እንለማመድ የሚለው ጥያቄ ስለበዛ እዚሁ ልመልስ። ውድድሩ 21.1 ነው ተብሎ በልምምድ 21 መሙላት ግዴታ አይደለም፤ ለአብዛኞቻችን ከ16 እስከ 18 ይበቃል። አሁን 10 ላይ ያላችሁ በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ጨምሩ፤ በአራተኛው ሳምንት ቀነስ አድርጉና ሰውነታችሁ ይረፍ።

ቀስ ብላችሁ የምትሮጡ ደግሞ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ሰዓቱን እዩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ከሞላ፣ ገና 15 ላይ ብትሆኑም አቁሙ። ከዚያ በኋላ ትርፉ የጉልበት ሕመም ነው።

ፍጥነቱ እያወራችሁ የምትሮጡበት ይሁን። ሱሉልታ ሜዳ ላይ አትሌቶቹን ተከትሎ መክነፍ ይቅር (ራሳችሁን ታውቃላችሁ)። ሱሉልታ ከሀዋሳ በ1,000 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል፣ እዚያ 16 የጨረሰ ሰው ሀዋሳ ላይ ትንፋሹ ብዙም አያስቸግረውም። የሚፈትነው ሙቀቱ ነው።

የመጨረሻው ረጅም ሩጫ ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በፊት ይሆናል። እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት፣ በተለመደው ቦታ እንገናኝ። ውሃ ወይም የተበጠበጠ በሶ ያዙ።