የማይክሮዌቭ ምግብ ጣዕሙም ዋጋውም ይታይ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በረዶ ሆኖ ታሽጎ ስለሚሸጥና በማይክሮዌቭ ተሞቆ ስለሚበላ ምግብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጊዜ ይቆጥባል ያላችሁት ልክ ነው። ጣዕሙም ዋጋውም ጥሩ ነው ያላችሁት ላይ ግን አልስማማም።

እኔ የምኖረው ጅማ ነው። ባለፈው ወር ሦስት ዓይነት ገዝቼ ሞከርኩ፤ ሩዝ በዶሮ፣ ፓስታና ላዛኛ። ሩዙ ደህና ነው። ፓስታው ጨው ብቻ። ላዛኛው ደግሞ ጠርዙ እንደ ቆዳ ደርቆ መሀሉ ገና በረዶ ነበር። ማይክሮዌቭ ምግብን እኩል ስለማያሞቅ መሀል ላይ አውጥቶ ማማሰል፣ የማይማሰለውን ደግሞ ከሞቀ በኋላ ትንሽ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ ጀርሙ ላይሞት ይችላል። መመሪያው በማናነበው ቋንቋ ተጽፎ ይህን ማን ያውቃል? በዚያ ላይ በላዛኛው ብር እኛ ቤት ለአራት ሰው የሚበቃ ሽሮ ከነእንጀራው ይቀርባል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን መብራቱ ነው። እንዲህ ያለ ምግብ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች መቀመጥ አለበት። መብራት ሄዶ ሲቆይ ይቀልጣል፣ ሲመጣ መልሶ ይረጋል። የፓስታውን ካርቶን ስከፍት ክዳኑ ላይ ወፍራም በረዶ ተጋግሯል፣ ምግቡም ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ ደርቋል። ቀልጦ እንደነበር ያስታውቃል።

ስለዚህ ሱቆች ፍሪዘሩ ላይ ገዢ የሚያየው ቴርሞሜትር ይስቀሉ፣ የቀለጠውንም አይሽጡ። አስመጪዎች የአሞቃቅ መመሪያውን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይለጥፉበት። እናንተም በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ የእያንዳንዱን ምግብ ክብደትና ዋጋ ጎን ለጎን አውጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ